ሲሚንቶ እንዴት ክንፍ አወጣ? የጄት ዘመን መባቻ ተርሚናሎች አሠራር

ከአዲስ አበባ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ዋሽንግተን ሲደርስ የሚያርፈው ደለስ በተባለው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በመልሱ ጉዞ ሻንጣውን እየገፋ ወደ መመዝገቢያው አዳራሽ የሚገባ መንገደኛ ሐሳቡ ሚዛኑና ሰልፉ ላይ ስለሆነ ወደ ላይ አያይም። ቀና ቢል የሚያየው ነገር ግን አለ። በዚያ ሰፊ አዳራሽ መሃል ጣራውን የደገፈ አንድም ምሰሶ የለም። ጣራው መሃሉ ረግቦ ሁለቱ ጠርዞቹ ከፍ ብለዋል፤ የያዙትም በግራና በቀኝ ተሰልፈው ወደ ውጭ ያዘነበሉ ግዙፍ የአርማታ ምሰሶዎች ናቸው።

ይህ ሕንጻ የተመረቀው ኅዳር 1962 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ወሮች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ደግሞ በኒው ዮርክ፣ ያኔ አይድልዋይልድ ይባል በነበረውና ዛሬ የኬኔዲን ስም በያዘው አውሮፕላን ማረፊያ፣ የቲ.ደብሊው.ኤ. አየር መንገድ ተርሚናል ተከፍቷል። ክንፉን ዘርግቶ ሊነሳ የተዘጋጀ ወፍ የሚመስለው ያ ሕንጻ የደለስ ታላቅ ወንድም ነው። የሁለቱም አርክቴክት ፊንላንድ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኤሮ ሳሪነን ሲሆን፣ በመስከረም 1961 በአንጎል ዕጢ በ51 ዓመቱ ስለሞተ የሁለቱንም ምርቃት አላየም።

ዛሬ እነዚህን ሕንጻዎች የሚያይ ሰው «ትናንት የታለመ ነገ» ይላቸዋል። አባባሉ ደስ ይላል፤ ጉዳቱ ቅርጹን ጌጥ ማስመሰሉ ነው። ቅርጹ ጌጥ አልነበረም። እያንዳንዱ ጎባጣ መስመር ለሁለት ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ ነበር። አንደኛው፣ ይህን ያህል ሰፊ አዳራሽ ያለ መሃል ምሰሶ እንዴት ይሸፈናል? ሁለተኛው፣ መንገደኛው ከታክሲ ወርዶ አውሮፕላኑ በር እስኪደርስ ስንት እርምጃ ይሄዳል? የመጀመሪያው መልስ ዛሬም ቆሟል። የሁለተኛው ግን አሥር ዓመት ሳይሞላው ፈርሷል።

ችግሩ ያለው ክንፉ ላይ ነው

ከጄት በፊት የተርሚናል ሥራ ቀላል ነበር። ሱፐር ኮንስቴሌሽን የሚባለው ባለ አራት ፕሮፔለር አውሮፕላን የክንፉ ስፋት 37.5 ሜትር ገደማ ነበር። መንገደኛው በመስኩ ላይ በእግሩ ሄዶ በመሰላል ይወጣል። በጥቅምት 1958 የአሜሪካው አየር መንገድ ፓን አም ከኒው ዮርክ ወደ ፓሪስ ቦይንግ 707 ጄትን ማብረር ሲጀምር ግን ብዙ ነገር አንድ ላይ ተለወጠ። በአንድ ጊዜ የሚሳፈረው ሰው በዛ። የሞተሩ ጩኸትና ከኋላው የሚወጣው የጋለ ነፋስ መስኩን ለእግረኛ አደገኛ አደረገው። አውሮፕላኑ ለመነሳት የሚፈልገው መንደርደሪያም ረዘመ።

የመንደርደሪያው ነገር አዲስ አበባንም ነክቷል። ከፍታው በባሕር ወለል ላይ 2,300 ሜትር በሚበልጥ ከተማ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፍ በቂ ማንሻ ጉልበት የሚያገኘው በበለጠ ፍጥነት ሲሮጥ ነው፤ ሞተሩም ሙሉ አቅሙን አይሰጥም። ስለዚህ መንደርደሪያው ይረዝማል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1962 ማብቂያ የመጀመሪያዎቹን ጄቶች፣ ቦይንግ 720ቢ፣ ሲረከብ ልደታ የነበረው ማረፊያ ለእነዚህ አይበቃምና ቦሌ የተሠራው ለዚህ ነው።

ለአርክቴክት ግን ከሁሉ የሚከብደው የክንፉ ስፋት ነው። 707 ከ40 እስከ 44 ሜትር ይዘረጋል። ሁለት አውሮፕላኖች ጎን ለጎን ሲቆሙ ክንፎቻቸው እንዳይነካኩ በመሃል ጥቂት ሜትር ይተዋልና አንድ አውሮፕላን በግድግዳው ርዝመት 50 ሜትር ያህል ይይዛል እንበል። አሥር አውሮፕላን ለማቆም ግማሽ ኪሎ ሜትር ግድግዳ ያስፈልጋል ማለት ነው። የሕንጻውን ርዝመት የሚወስነው የሰዉ ብዛት መሆኑ ቀርቶ የክንፉ ስፋት ሆነ። አርክቴክቶቹ ይህን ርዝመት በተለያየ መንገድ ሊያጥፉት ሞከሩ። አንዳንዶቹ ከዋናው አዳራሽ እንደ ጣት የሚወጡ ረጃጅም ኮሪደሮች ሠሩ። ሌሎቹ ሕንጻውን ክብ አድርገው አውሮፕላኖቹን ዙሪያውን ደረደሩ። ሳሪነን በኒው ዮርክ አንድ መልስ ሰጠ፤ በደለስ ደግሞ ፍጹም ሌላ።

እንደ አክንባሎ የቆመ ጣራ

ቲ.ደብሊው.ኤ. ለእኛ ባዕድ ስም አይደለም። በ1945 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ የኢትዮጵያ አየር መንገድን በማቋቋም የረዳው፣ ለብዙ ዓመታትም በአስተዳደርና በቴክኒክ የደገፈው ይኸው ኩባንያ ነው። አይድልዋይልድ ላይ እያንዳንዱ ትልቅ አየር መንገድ የራሱን ተርሚናል እንዲሠራ ተወስኖ ስለነበር በ1955 ሥራው ለሳሪነን ተሰጠ። የተሰጠው ቦታ ጠባብና መንገዱ የሚታጠፍበት ጥግ ነበር። ኩባንያው የፈለገው መንገደኛ ከመኪናው መስኮት ሆኖ «ይህ የነሱ ነው» የሚለው ሕንጻ ነው።

ሳሪነን የመረጠው መንገድ ቅርፊት ጣራ ነው። ምስጢሩን በአንድ ወረቀት ማየት ይቻላል። ወረቀቱን አንድ ጠርዙን ይዘው አግድም ቢዘረጉት ይወድቃል። ያንኑ ወረቀት በጣትዎ ትንሽ ጎበጥ አድርገው ቢይዙት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እርሳስ ቢጭኑበትም ይችላል። የተጨመረ ነገር የለም፤ የተለወጠው ቅርጹ ብቻ ነው። አክንባሎም እንዲሁ ነው። ስስ ሆኖ ሳለ በራሱ የሚቆመው ወደ መሃል ከፍ ያለ ስለሆነ ነው፤ ክብደቱ በጎኖቹ ተንሸራቶ ወደ ጠርዙ ይወርዳል። ያንኑ ዕቃ ዝርግ ቢያደርጉት በራሱ ክብደት መሃሉ ይሰበራል። አርማታ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲጎትቱት ግን ይሰነጠቃል። ጎባጣ ቅርጽ ብዙውን ሸክም ወደ መጫን ስለሚለውጠው ለአርማታ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። መጎተት ያለባቸውን ቦታዎች ደግሞ ፌሮው ይይዛቸዋል።

የቲ.ደብሊው.ኤ. ጣራ አንድ ቅርፊት አይደለም፤ አራት ነው። ሁለቱ ትልልቆች እንደ ክንፍ በግራና በቀኝ ወደ ጎን ከፍ ብለው ይዘረጋሉ። ሁለቱ ትንንሾች አንዱ ወደ መንገዱ፣ ሌላው ወደ አውሮፕላኑ መስክ ዘቅዘቅ ይላሉ። አራቱ የሚገናኙት መሃል ላይ ባለ አንድ ክብ ቁልፍ ብቻ ነው፤ በተረፈ በመካከላቸው ብርሃን የሚያስገባ ጠባብ የመስታወት መስመር አለ። ሁሉንም የያዟቸው እንደ ዋይ ፊደል የተከፈሉ አራት ምሰሶዎች ናቸው። ጣራው 96 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክብደቱ 5,400 ቶን ገደማ ነው። ውፍረቱ አንድ ዓይነት አይደለም። በጠርዙ 18 ሳንቲ ሜትር የነበረው አራቱ በሚገናኙበት መሃል አንድ ሜትር ይደርሳል። ከውጭ የሚታየው ጠርዙ ስለሆነ ጣራው ቀላል ይመስላል፤ ክብደቱ የተደበቀው መሃል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። አራቱ ቅርፊቶች ወደ ውጭ የሚወጡት ደጋፊ ሳይኖራቸው ነው። ስለዚህ እንደ ንጹሕ ጉልላት ሸክሙ ሁሉ መጫን አይደለም፤ በላይኛው ፊት መጎተት አለ። ያንን ለመቻል ብዙ ፌሮና ብዙ ውፍረት አስፈልጓል። በዚያ ዘመን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ቅርፊት ሰፊ ቦታ የሸፈኑ መሐንዲሶች ነበሩና ከነሱ ጋር ሲተያይ ይህ ጣራ ቆጣቢ አይደለም። ቅርጹን የመራው ስሜት ነው፤ የአማንና ዊትኒ ኩባንያ መሐንዲሶች ያንን ስሜት የሚቆም አደረጉት። ውጤቱ ይህን ያህል የሚያምር ስለሆነ ለተጨመረው ፌሮ የሚያዝን የለም።

ከካርቶን ወደ ኮንክሪት

እንዲህ ያለ ጎባጣ ነገር በተለመደው ፕላንና በጎን እይታ ተስሎ አያልቅም። ስለዚህ የሳሪነን ቢሮ ከመሳል በፊት በሞዴል ሠራ፤ አንዳንዱ የካርቶን ሞዴል ሰው ጭንቅላቱን አስገብቶ ውስጡን የሚያይበት ያህል ትልቅ ነበር። ቅርጹ ሲጸና ግን ለአናጢ የሚሰጥ ልኬት መውጣት አለበት። መፍትሔው የተራራ ካርታ የሚሠራበት ዘዴ ነው። ጣራው እንደ ኮረብታ ታስቦ እኩል ከፍታ ያላቸው ነጥቦች በመስመር ተያያዙ፤ እያንዳንዱ መስመር ለካሳፎርማው አንድ ልኬት ሆነ።

ካሳፎርማው፣ ማለትም ኮንክሪቱ እስኪደርቅ ቅርጹን የሚይዘው የጣውላ አልጋ፣ የሥራው እውነተኛ ወጪ ነው። ለዝርግ ሶሌታ አንድ ጊዜ የተሠራ ጣውላ ተነቅሎ በሚቀጥለው ፎቅ ያገለግላል። እዚህ ግን ሁለት ቦታ አንድ ዓይነት ጎባጣ ስለሌለ ጣውላው ለቦታው ብቻ ይቆረጣል፣ አንድ ጊዜ ያገለግላል፣ ይጣላል። በርብራብ ላይ የቆመ ጫካ የሚያህል የእንጨትና የብረት ሥራ ተሠርቶ መጨረሻው መፍረስ ነው። ቅርፊት ጣራ ከ1960ዎቹ በኋላ እየተመናመነ የሄደበት አንዱ ዋነኛ ምክንያት ይህ ነው። የአናጢ ቀን ሂሳብ በጨመረ ቁጥር በሲሚንቶ የሚቆጠበው በጣውላ ይበላል።

ሙሌቱ የተካሄደው በ1960፣ ለ120 ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ ነው። ለምን ሳይቋረጥ? ኮንክሪት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መያዝ ይጀምራል። የትናንቱ ላይ የዛሬውን ቢያፈሱ ሁለቱ አንድ አካል አይሆኑም፤ በመካከላቸው ድካም ያለበት ስፌት ይቀራል። በዝርግ ወለል ይህ ስፌት ብዙ አይጎዳም፣ ቦታው ታስቦ ይመረጣል። ሸክሙ በሙሉ በገጹ ላይ በሚሄድ ቅርፊት ግን ስፌቱ መንገዱን ይቆርጠዋል፤ ዝናብም የሚገባው በዚያ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው በፈረቃ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ሙሌቱ በሁሉም በኩል ሚዛኑን ጠብቆ እንዲያድግ እየተደረገ ይሠራል። አንድ ጎን ቀድሞ ከከበደ ርብራቡ ያጋድላል።

ጎባጣው ቁልቁል በሆነበት ቦታ ሌላ ጣጣ አለ። ኮንክሪቱ ከቀጠነ ተንሸራትቶ ታች ይከማቻል፤ ከወፈረ ደግሞ በፌሮው መሃል አይገባምና ባዶ ጉድጓድ ይተዋል። ትክክለኛው ውፍረት በነዚህ በሁለቱ መሃል ያለች ጠባብ ቦታ ናት።

ካሳፎርማውን መንቀልም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ደጋፊዎቹ በአንድ ጊዜ አይወጡም። በጉልላት መሃል ያሉት ቀድመው ጥቂት ዝቅ ይደረጋሉ፣ ቀጥሎ ወደ ምሰሶው እየቀረቡ ይሄዳሉ። ያለ ደጋፊ ወደ ውጭ በወጣው ክንፍ ደግሞ የሚጀመረው ከጫፉ ነው። ይህ ከተዘባረቀ ጣራው ባልታሰበለት ቦታ እንደ ሚዛን ይሰቀላልና እዚያው ይሰነጠቃል። የኒው ዮርኩ ጣራ በ1960 መጨረሻ ከርብራቡ ነጻ ሲወጣ በአራቱ እግሮቹ ብቻ ቆመ።

መስታወቱና ውሃው

ከዚያ በኋላ ያለው ችግር ጥቃቅን የሚመስል ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያሉ ሕንጻዎች የሚያረጁት በሱ በኩል ነው። አርማታ ከደረቀ በኋላም ለዓመታት ቀስ እያለ ይረግባል። በተጨማሪ በሙቀት ይሰፋል፣ በብርድ ይሰበሰባል፤ ነፋስ ሲነሳ ረጅሙ ጠርዝ ይነቃነቃል። መስታወት ግን አይታጠፍም። ከጣራው ጠርዝ ጋር በጥብቅ ቢታሰር የመጀመሪያው ክረምት ይሰብረዋል። ስለዚህ የመስታወቱ ግድግዳ ጣራውን አይሸከምም፤ የጠርዙ እንቅስቃሴ ወደ መስታወቱ እንዳይተላለፍም ለስላሳ መጋጠሚያ ያስፈልገዋል። ሳሪነን ለጄኔራል ሞተርስ የምርምር ማዕከል በሠራው ሕንጻ ላይ የመኪና መስታወት የሚያዝበትን ዓይነት የኒዮፕሪን ጎማ ለሕንጻ መስኮት ተጠቅሞበት ነበር። እዚህም ያው ዘዴ ተሠራበት።

ጎማ ይደርቃል። ፀሐይ ሲመታው ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ያስገባል። በአራቱ ቅርፊቶች መሃል ያሉት የብርሃን መስመሮችም እንዲሁ ናቸው፤ በግራና በቀኝ ያሉት ቅርፊቶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስለሚንቀሳቀሱ መጋጠሚያው ዕረፍት የለውም። እንዲህ ያለ ሕንጻ የሚጠግን ሰው መጀመሪያ የሚያየው አርማታውን ሳይሆን ጎማውን ነው።

አርማታ የሚመስል ነገር ሁሉ አርማታ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። በሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ መሃል፣ በአራት እግሮቹ የቆመ፣ በራሪ ሰሐን የሚመስል ሕንጻ አለ። በ1961 የተጠናቀቀ ሲሆን ቅስቶቹ 41 ሜትር ያህል ይደርሳሉ። ላየው ሰው ቅስቶቹ ወጥ አርማታ ናቸው፤ የላይኛው ክፍላቸው ግን በልስን የተሸፈነ ብረት ነው። በ2007 ከአንዱ ቅስት በታች በኩል ግማሽ ቶን ያህል የሚመዝን የልስን ቁራጭ ወደቀ። የዚህ ዓይነት ጉዳት አካሄድ የታወቀ ነው፤ እርጥበት በልስኑ ይገባል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ልስኑን ከውስጥ ይገፋዋል። ከዚያ በኋላ ሕንጻው ለሦስት ዓመት ያህል ተሸፍኖ ታደሰ። የመሬት መንቀጥቀጥን ለመቋቋምም አናቱ ላይ ከ500 ቶን በላይ የሚመዝን፣ ሕንጻው ሲወዛወዝ በተቃራኒው የሚወዛወዝ ክብደት ተጨመረለት። ከባድ ነገርን አናት ላይ መጫን ሞኝነት ይመስላል፤ ሥራው ግን ውዝዋዜውን መብላት ነው።

መንገደኛው በቲ.ደብሊው.ኤ.

ወደ ውስጥ ስንገባ ቅርጹ መሪ ይሆናል። በአንድ ክንፍ የትኬትና የሻንጣ መቀበያ፣ በሌላው ክንፍ የመጡ መንገደኞች ሻንጣ መረከቢያ ነበር። ፊት ለፊት ደረጃው ሲወጣ መስኩን በሰፊ መስታወት የሚያሳይ፣ ቀይ ምንጣፍ የለበሰ ዝቅ ያለ የመቀመጫ ቦታ አለ። ከዚያም ወደ አውሮፕላኖቹ የሚወስዱ ሞላላ ቱቦ የመሰሉ መተላለፊያዎች ይነሳሉ። ወለሉ ወደ ግድግዳ፣ ግድግዳው ወደ መቀመጫ፣ መቀመጫው ወደ ጣራ ያለ ጥግ ይሄዳል፤ አብዛኛው በሳንቲም ስፋት ባለ ክብ ነጭ ሴራሚክ ተለብጧል። ክብነቱ ለውበት ብቻ አይደለም። ጎባጣ ገጽ ላይ ትልቅ አራት ማዕዘን ሴራሚክ ቢለጠፍ ጥጉ ይነሳል፤ ትንሽ ክብ ግን በማንኛውም አቅጣጫ ይታጠፋል። የሚሽከረከር የሻንጣ ማመላለሻና በየጊዜው የሚገለበጥ የበረራ ሰሌዳም ነበረው፤ ያኔ ብርቅ ነበሩ።

ይህ ሁሉ ያማረ ሥራ የታሰበው በ1956 አካባቢ በነበረው የመንገደኛ ቁጥርና የአውሮፕላን ልክ ነው። በጥር 1970 ቦይንግ 747 በረራ ሲጀምር የክንፉ ስፋት 60 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ከ350 ሰው በላይ የሚጭን አውሮፕላን መጣ። ሁለት እንዲህ ያሉ አውሮፕላኖች በአንድ ሰዓት ቢያርፉ የሻንጣው ክፍል ይጨናነቃል። በጥር 1973 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ መንገደኛና የእጅ ሻንጣ ሁሉ እንዲፈተሽ ግዴታ ሆነ። ይህ ሕንጻ የተሠራው ሸኚና ተሸኚ አብረው እስከ መስታወቱ እንዲሄዱ ነው፤ ፍተሻ የሚቆምበት፣ ሰልፍ የሚጠማዘዝበት ዝርግ ቦታ የለውም። ማስፋት ቢፈለግ ደግሞ ከየት ይጀመራል? የወፍ ክንፍ ላይ ሌላ ክንፍ አይቀጠልም። ከኋላ አዲስ የመሳፈሪያ ክፍል መጨመር ተቻለ፣ አዳራሹ ራሱ ግን በተወለደበት ልክ ቀረ።

ቲ.ደብሊው.ኤ. በ2001 ለአሜሪካን አየር መንገድ ሲሸጥ ተርሚናሉም ተዘጋ። ያዳነው በ1994 የከተማው ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ መመዝገቡ ነው። ከኋላው የጄትብሉ አየር መንገድ ተርሚናል በ2008 ተከፈተ፤ አዳራሹ ራሱ ተጠግኖ በ2019 ባለ 512 ክፍል ሆቴል መቀበያ ሆነ። ጎረቤቱ የፓን አም ተርሚናል ይህ ዕድል አልገጠመውም። በ1960 የተከፈተው ያ ሕንጻ በ32 ረድፍ ምሰሶና ገመድ የተንጠለጠለ፣ ከግድግዳው 35 ሜትር ያህል ወደ ውጭ የሚወጣ የጃንጥላ ጣራ ነበረው፤ አውሮፕላኖቹ አፍንጫቸውን ከሥሩ አስገብተው ስለሚቆሙ መንገደኛው ዝናብ ሳይነካው ይሳፈር ነበር። የጣራው ልክ ግን ለ707 የተለካ ነው። ለ747 በ1971 ተስፋፋ፣ በ2013 ፈረሰ። የዚያ መፍረስ እውነተኛ ጉዳት ነው፤ እንዲህ ያለ የምሕንድስና ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

እርጥብ ጋቢ የተሰጣበት ገመድ

ደለስን ለመረዳት የልብስ ማስጫ ገመድ ይበቃል። በሁለት ቋሚ እንጨቶች መሃል ገመድ ወጥረው እርጥብ ጋቢ ይስጡበት። ገመዱ መሃሉ ይረግባል፤ እንጨቶቹ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ሌላው ይሳባሉ። ጎበዝ ሰው እንጨቶቹን ሲተክል ከመጀመሪያው ወደ ውጭ ያጋድላቸዋል። የደለስ ምሰሶዎች ለምን ወደ ውጭ እንዳዘነበሉ መልሱ ይኸው ነው። የምሰሶው የራሱ ክብደት ወደ ውጭ ሲስብ ገመዱ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሁለቱ ይተያያሉ።

ሳሪነን ራሱ ጣራውን በአርማታ ዛፎች መካከል ከተንጠለጠለ ትልቅ መኝታ ጋር አመሳስሎታል። በመጀመሪያው ሥራ 16 ጥንድ ምሰሶዎች በ12 ሜትር ልዩነት ቆሙ። በመኪናው መንገድ በኩል ያሉት 20 ሜትር ያህል፣ በመስኩ በኩል ያሉት 12 ሜትር ያህል ናቸው። በመካከላቸው የተንጠልጣይ ድልድይ ዓይነት የብረት ገመድ ተወጠረ፤ በገመዶቹ መሃል የአርማታ ሰሌዳዎች ተደረደሩ። እዚህ ገመድ የሚሠራው መጎተትን ነው፣ ብረት ደግሞ በመጎተት ብርቱ ነው። በኒው ዮርክ ቅርጹ ለመጫን ተገዛ፤ በደለስ ለመጎተት። ለዚህም ነው እንደዚያ ያለ የጣውላ ጫካ ያላስፈለገው። ገመዱ የሚረግብበትን ቅርጽ ራሱ ስለሚያገኝ ካሳፎርማው ገመዱ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ጣራው ተንጠልጣይ ከሆነ ለምን በከባድ አርማታ ተሸፈነ? ምክንያቱ ነፋስ ነው። በሰፊ ጣራ ላይ የሚያልፍ ነፋስ ወደ ላይ ይስበዋል። ቀላል ቆርቆሮ ቢሆን እንደ ተሰጣ ልብስ ይርገበገብ ነበር፣ ገመዱም ይላላል ይወጠራል። አርማታው በክብደቱ ገመዱን ሁልጊዜ ውጥር አድርጎ ይይዘዋል። የዝናቡም ነገር አለ። ተራ ጣራ ውሃውን ወደ ጠርዝ ያፈሳል፤ ይህ ግን ወደ መሃል፣ ከመንገደኛው ራስ በላይ፣ ይሰበስበዋል። መውረጃው ከተደፈነ ውሃው ክብደት ይሆናል፣ ክብደቱ ጣራውን ያረግበዋል፣ የረገበው ደግሞ ሌላ ውሃ ይጠራል። ተንጠልጣይ ጣራ ያለው ሕንጻ ሁሉ ከጥገናው ዝርዝር አናት ላይ የውሃ መውረጃውን ማስቀመጥ አለበት።

ደለስ ለጄት ታስቦ ከመሠረቱ የተሠራ የመጀመሪያው የአሜሪካ ማረፊያ ነው፤ ከዋሽንግተን 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የሳሪነን ሰዎች ሥራውን የጀመሩት ሌሎች ማረፊያዎች ሄደው በሰዓት መቁጠሪያ የመንገደኛን እርምጃ በመለካት ነው። ያገኙት ውጤት ግልጽ ነበር፤ ጣት መሰሎቹ ኮሪደሮች በረዘሙ ቁጥር ሰዉ ይደክማል። ስለዚህ ጥያቄውን ገለበጡት፤ ሰው ወደ አውሮፕላን ከሚሄድ ክፍሉ ራሱ ለምን አይሄድም? ባልና ሚስቱ ዲዛይነሮች ቻርልስና ሬይ ኢምስ ሐሳቡን ለባለሥልጣናት የሚያስረዳ አጭር ፊልም በ1958 ሠሩ።

ተንቀሳቃሽ ሳሎን ተባለ። ርዝመቱ 16.5 ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሜትር ያህል፣ በጎማ የሚሄድ ክፍል ነው፤ 102 ሰው ይይዛል፣ 71ዱ ተቀምጠው። በሁለቱም ጫፍ የሹፌር ክፍል ስላለው መዞር አያስፈልገውም፤ በመጣበት ይመለሳል። መንገደኛው ከአዳራሹ በሩ ላይ ወደ ቆመው ሳሎን ይገባል፣ ሳሎኑ ራቅ ብሎ ወደ ቆመው አውሮፕላን ይነዳል። በዚህም የክንፉ ስፋት ጣጣ በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ አውሮፕላኖቹ ከሕንጻው ጋር መያያዝ ስለማያስፈልጋቸው ሕንጻው አጭርና አንድ ወጥ ሆነ።

ችግሩ ሂሳቡ ውስጥ ነበር። 707ን ለመሙላት ሁለት ሳሎን ቢበቃ 747 አራት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ሳሎን ሞልቶ እስኪነሳ መጀመሪያ የገባው ሰው ቆሞ ይጠብቃል፤ አንዱ ሳሎን ከተበላሸ በረራው ይዘገያል። ከሁሉ የባሰው መንገድ ቀያሪው ነው። ሐሳቡ የታሰበው ከከተማ መጥቶ ለሚሳፈር ሰው ነው። ከአንድ አውሮፕላን ወርዶ ሌላ የሚይዘው ሰው ግን መጀመሪያ ወደ አዳራሹ፣ ከዚያ እንደገና ወደ መስኩ መመላለስ ሆነበት። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በመስኩ መሃል ተራ የመሳፈሪያ ሕንጻዎች ተሠሩ፤ በ2010 ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡር ተከፈተ። ሳሎኖቹ ከመስመር ሙሉ በሙሉ አልወጡም፤ አንዳንድ መንገደኞችን ዛሬም ያመላልሳሉ።

ሳሎኑ ቢሸነፍም ጣራው አልተሸነፈም። በሚዙሪ የሴንት ሉዊስ ተርሚናል፣ ሚኖሩ ያማሳኪ በ1956 ሦስት አንድ ዓይነት የአርማታ ቅስቶችን ደርድሮ የሠራው፣ በኋላ አራተኛ ሲያስፈልገው ያው ቅስት ከጎኑ ተጨመረለት። የደለስም ጣራ እንዲሁ ተደጋጋሚ ነው፤ አንድ ጥንድ ምሰሶ፣ ገመድ፣ ሌላ ጥንድ። አዳራሹ ሲጠብ በ1996 በእያንዳንዱ ጫፍ 98 ሜትር ያህል፣ በ12 ሜትር ልክ ስምንት ስምንት ክፍተት፣ ተቀጠለለት። ከ183 ሜትር ወደ 378 ሜትር አደገ። ሳሪነን ሲነድፈው እንዲህ እንዲያድግ አስቦ ስለነበር የተጨመረው ነገር እንደ ተለጠፈ አይታይም። በሚቀጥለው ጉዞ ሻንጣው ከተመዘነ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ከተረፈ ወደ መኪናው መንገድ ወጥቶ ምሰሶዎቹን ከታች ወደ ላይ መከተል ይቻላል። ጫፋቸው የጣራውን ጠርዝ በስቶ ይወጣል፣ ጣራውም እንደ ጨርቅ ዙሪያቸውን ይታጠፋል። አሮጌው የት አልቆ አዲሱ የት እንደጀመረ በዓይን ለመለየት ይሞክሩ፤ ቀላል አይደለም።